ባለ ጆሮ መሸፈኛ የሹራብ ኮፍያ በሁለት ቀለም፦ ከሳራ ሉንድ ሹራብ የተነሣ ሥራ

በጥር ወር 2007 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ የሕዝብ ቴሌቪዥን «ፎርብሪዴልሰን» የተሰኘውን፣ በአማርኛ «ወንጀሉ» ልንለው የምንችለውን ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሃያ ቀን የግድያ ምርመራን በሃያ ክፍሎች የሚከተል ሲሆን፣ ሶፊ ግሮቦል የተጫወተቻት መርማሪ ሳራ ሉንድ በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ንድፍ ያረፈበትን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ከላይዋ አትለይም ነበር። ሹራቡ በሰሜን አትላንቲክ ያሉት የፋሮ ደሴቶች ሥራ ነው፤ ያወጡትም ጉድሩን ሉድቪግና ጉድሩን ሮግቫዶቲር የተባሉ ሁለት ሴቶች በስማቸው ባቋቋሙት የልብስ ቤት ነው። ድራማው በ2011 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ፎር ለብሪታንያ ተመልካቾች ከቀረበ በኋላ ሹራቡ ከታሪኩ ተነጥሎ የራሱን ዝና አገኘ፤ በየአገሩ ያሉ ሹራብ ሠሪዎችም መርፌ አነሡ።

ይህ መመሪያ የዚያን ሹራብ መንፈስ ወደ ኮፍያ የሚያመጣ ነው። ንድፉ የባለቤቶቹ ስለሆነ እንዳለ አልቀዳሁትም። የወሰድኩት የቀለሙን ቁጥብነት፣ ማለትም ነጭና ጥቁርን ብቻ፣ እንዲሁም ትንንሽ ቅርጾች እየተደጋገሙ መላውን ልብስ የሚይዙበትን አካሄድ ነው። ጆሮ መሸፈኛው ግን የመጣው ከሌላ ዓለም፣ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። በፔሩና በቦሊቪያ «ቹዮ» የሚባለው ኮፍያ ሁለት መሸፈኛዎቹን በጆሮ ላይ አውርዶ ከአገጭ ሥር ይታሰራል። በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በታኪሌ ደሴት ይህን ኮፍያ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ የደሴቲቱ የጨርቃ ጨርቅ ጥበብም በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ እውቅና አግኝቷል። ሽመናን ለወንድ፣ ፈትልን ለሴት ሰጥቶ ለኖረው ለእኛ አገር አንባቢ ይህ የሥራ ክፍፍል እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ዋናውን ነገር ላስቀድም። በሁለት ቀለም የሚሠራ ኮፍያ ጥሩነቱ የሚታወቀው በጀርባው ነው። በአንድ ዙር ላይ ሁለት ክር ይዘን ስንሠራ፣ ተራው ያልደረሰው ክር ከሥራው ጀርባ ተጋድሞ ያልፋል፤ ይህን ክር ከዚህ በኋላ «ተሻጋሪ ክር» እለዋለሁ። ተሻጋሪው ክር ከጠበቀ ኮፍያው ይጨማደዳል፣ አይለጠጥም፣ ራስ ላይም አይገባም፤ ከላላ ደግሞ ጣትና ጉትቻ ይይዛል። እናቴ ነጠላ ስትገዛ ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ሳታይ ዋጋ አትጠይቅም ነበር። እኔም የሁለት ቀለም ሥራ ሲታየኝ በቅድሚያ የምገለብጠው ከእርሷ በወረስኩት ልማድ ነው።

የምንግባባባቸው ቃላት

የሹራብ ሥራን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ስለ ቃላት መስማማት አለበት። በመርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ቀለበት «ዐይን» እላታለሁ። ክሩን ከኋላ ይዘን መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ አስገብተን የምናወጣትን ዐይን «ቀጥታ»፣ ክሩን ከፊት አድርገን መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት አስገብተን የምናወጣትን ደግሞ «ግልብጥ» እላለሁ። እየዞርን ስንሠራ አንዱ ክበብ «ዙር» ይባላል፤ እየተመለስን ስንሠራ ግን «ረድፍ» ነው። ይህ ሥራ በሁለት መርፌ የሚሠራ የሹራብ ሥራ እንጂ በአንድ መንጠቆ የሚሠራው ኪሮሽ አለመሆኑንም ልብ ይሏል።

ክርና መሣሪያ

ክሩ ሱፍ ይሁን። የሱፍ ጭረት ሻካራ ገጽ ስላለው ጎረቤቱን ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት ተሻጋሪው ክር በቦታው ይረጋል፣ ዐይኖቹም ከታጠቡ በኋላ እርስ በርስ ተቃቅፈው አንድ ወጥ ጨርቅ ይሆናሉ። በመኪና እንዲታጠብ በኬሚካል የለሰለሰ ሱፍ ይህን መያያዝ በከፊል ያጣል፤ ሲታጠብም የመስፋት ጠባይ አለው። አክሪሊክ ርካሽና ለማግኘት ቀላል ነው፤ ነገር ግን አጥቦ ቅርጽ ማስያዝ ላይ እንደ ሱፍ አይታዘዝም። ጥጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አይለጠጥም፣ ሲረጥብም ይከብዳል። የፋሮ ሰዎች «ሱፍ የፋሮ ወርቅ ነው» የሚል አባባል አላቸው፤ በነፋስና በጭጋግ መካከል፣ አሥራ ስምንት ደሴቶች ባሉት አገር የሚኖር ሕዝብ እንዲህ ማለቱ አያስደንቅም።

ውፍረቱ መካከለኛ የሆነ፣ 100 ግራሙ ከ200 እስከ 250 ሜትር የሚረዝም ክር ይምረጡ። ጥቁር 100 ግራም፣ ነጭም 100 ግራም ቢገዙ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። ነጩ በኖራ ንጣት የነጣ ሳይሆን የበግ ጠጉር የተፈጥሮ ቀለሙን የያዘ ቢሆን የሳራ ሉንድን ሹራብ ይበልጥ ይቀርባል። ጥቁሩን ከመጠቀምዎ በፊት ቁራሹን በለብታ ውኃ ነክረው ነጭ ጨርቅ ላይ ይጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ ሌላ ክር ይፈልጉ፤ አለዚያ በመጨረሻው እጥበት ነጩን ያበላሽብዎታል።

መርፌዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ክብ መርፌዎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ሁለት ጫፎቻቸው በቀጭን ገመድ የተያያዙ፣ አንዱ ክብ መርፌ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር፤ ለኮፍያው አናትና ለማሰሪያው ደግሞ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ አምስት አጫጭር መርፌዎች። ከእነዚህ ሌላ ጫፉ የደነዘዘ ወስፌ መሰል የሱፍ መርፌ፣ የዙሩን መጀመሪያ የሚያመለክት ቀለበት ወይም የክር ቋጠሮ፣ ሜትርና መቀስ ያስፈልጋሉ።

ልክ

ይህ ኮፍያ የጭንቅላቱ ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው የታሰበ ሲሆን፣ የኮፍያው ዙሪያ ግን 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ኮፍያ ራስን የሚይዘው ጥቂት ሲለጠጥ ነውና። ስሌቱ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን በሚለው ልክ ላይ የቆመ ነው፤ በዚህ ልክ 112 ዐይን ወደ 51 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጅዎ ጠበቅ ብሎ በ10 ሳንቲ ሜትር 24 ዐይን ቢያወጣ፣ ያው 112 ዐይን ከ47 ሳንቲ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ላላ ብሎ 20 ቢያወጣ 56 ይሆንና ኮፍያው ዐይንዎ ላይ ይወርዳል። ሁለት ዐይን ትንሽ መስሎ ከታየ በዙሪያው ላይ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር የሚያዛባ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የናሙና ቁራጭ መሥራት ግዴታ ነው፤ ቁራጩም በሁለቱም ቀለም፣ እንደ ዙር ተደርጎ መሠራት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ቀለም እየተመላለሰ ናሙና ሠርቶ ልኩን በመውሰዱ ነው። የሁለት ቀለም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀለም ሥራ ይጠብቃል፤ ግልብጥ ረድፍ ደግሞ በብዙ ሰው እጅ ከቀጥታው ይለያል። ሙሉ ክበብ ላለመሥራት የሚቻልበት ዘዴ አለ፦ በ4 ሚሊ ሜትሩ ክብ መርፌ ላይ 32 ዐይን ይጀምሩ፤ አንድ ረድፍ ቀጥታ ከሠሩ በኋላ ሥራውን ሳይገለብጡ ዐይኖቹን ወደ ሌላኛው ጫፍ ያንሸራቱ፤ ክሮቹን በጀርባ በኩል በሰፊው አላልተው ወደ መጀመሪያው በመሳብ እንደገና ቀጥታ ይሥሩ። ከታች የተሰጠውን የኮከብ ንድፍ ሁለት ጊዜ እስኪጨርሱ እንዲሁ ይቀጥሉ። ከዚያ አጥበው፣ አድርቀው፣ በመሃሉ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተው ዐይኖቹን ይቁጠሩ። ከ22 ከበዛ በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ካነሰ በ3.5 እንደገና ይሞክሩ።

ራሳቸው ለሚያንስ ወይም ለሚበልጥ ሰዎች የዐይኑ ቁጥር በ8 እየቀነሰ ወይም እየጨመረ ይሄዳል፤ ንድፉ በ8 ዐይን ስለሚደጋገም ነው። 104 ዐይን 47 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 120 ዐይን 54 ተኩል ያህል ይሆናል። ጠጉርዎን ሹሩባ ተሠርተው ወይም አፍሮ አድርገው የሚውሉ ከሆነ ሜትሩን በጠጉርዎ ላይ ያዙሩ እንጂ ጠጉሩን ጨምቀው አይለኩ። በሚኒሶታ፣ በኦስሎና በስቶክሆልም ክረምት ከሱቅ የተገዛ ኮፍያ አልገባ ብሏቸው የሚቸገሩ እህቶቻችን ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡት እወዳለሁ።

ጆሮ መሸፈኛዎቹ

ሥራው የሚጀምረው ከማሰሪያው ጫፍ ነው። በጥቁር ክር፣ በአጭሩ መርፌ ላይ 3 ዐይን ይጀምሩና ቀጥታ ይሥሩ። ሥራውን ሳይገለብጡ ሦስቱን ዐይኖች ወደ መርፌው ሌላኛ ጫፍ ያንሸራቱ፤ ክሩን በጀርባ አጥብቀው ስበው እንደገና ቀጥታ ይሥሩ። ይህ ሲደጋገም ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ድቡልቡል ገመድ ይወጣል። 25 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ገመዱን ትተው እየተመለሱ ወደሚሠራው ወደ መሸፈኛው ይሻገሩ።

በመጀመሪያው ረድፍ አንድ ዐይን ቀጥታ ይሥሩ፤ በዚያችና በቀጣይዋ ዐይን መካከል የተዘረጋውን ክር በመርፌ አንሥተው ጠምዝዘው ይሥሩት፤ ይህ አንድ ዐይን ይጨምራል። መጨረሻ ላይ አንድ ዐይን እስኪቀር ቀጥታ ይሥሩ፤ እንደገና አንድ ይጨምሩ፤ የቀረችውንም ይሥሩ። ሲመለሱ ያለውን ረድፍ በሙሉ ያለ ጭማሪ ቀጥታ ይሥሩ። እነዚህ ሁለት ረድፎች 11 ጊዜ ሲደጋገሙ 3ቱ ዐይን 25 ይሆናል። ከዚያ በኋላ 14 ረድፍ ያለ ጭማሪ ይሥሩ። መሸፈኛው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ይኖረዋል። ክሩን ቆርጠው ዐይኖቹን በሌላ ክር ላይ ያሳርፉና ሁለተኛውን መሸፈኛ በዚሁ መንገድ ይሥሩ።

ረድፎቹ በሁለቱም በኩል ቀጥታ ስለሚሠሩ መሸፈኛው እንደ እርሻ ትልም ሸንተረር ያለው ሆኖ ይወጣል፤ ወፍራም ነው፣ ጠርዙም አይጠቀለልም። ፊቱና ጀርባው ስለሚመሳሰል ግን ጭማሪ የሠሩበትን ፊት በሌላ ቀለም ክር ቁራጭ ምልክት ያድርጉበት። አንዳንድ ሠሪዎች በመሸፈኛው ላይም ኮከብ ማስገባት ይወዳሉ። እኔ አልመክርም፤ ምክንያቱም መሸፈኛው የሚሠራው እየተመለሱ በመሆኑ፣ በግልብጡ ረድፍ ተሻጋሪው ክር በፊት ለፊታችን ስለሚያልፍ ጥብቀቱን መቆጣጠር ለለመደ እጅ እንኳ አስቸጋሪ ነው፤ ነፋስ በቀጥታ የሚመታውም ቦታ ይኸው ስለሆነ ሸንተረሩ ውፍረቱን ይዞ ቢቀር ይሻላል።

ማያያዝና ጠርዝ

የዙሩ መጀመሪያ በማጅራት መሃል እንዲውል እናደርጋለን፤ ዙር ሲያልቅና ሲጀመር ንድፉ ላይ የምትታየው ትንሽ መሰበር ከኋላ ተሸሽጋ እንድትቀር ነው። በ3.5 ሚሊ ሜትሩ ክብ መርፌ ላይ በጥቁር ክር 11 ዐይን ይጀምሩ። የአንዱን መሸፈኛ 25 ዐይን ምልክት ያለበትን ፊት ወደ እርስዎ አድርገው ቀጥታ ይሥሩ። አሁን ሥራውን ገልብጠው ለግንባር 40 ዐይን ይጨምሩ፤ አጨማመሩም ወደ መጀመሪያዋ ዐይን መርፌ አስገብቶ አዲስ ቀለበት ማውጣትና ቀለበቷን በግራው መርፌ ላይ ማኖር፣ ከዚያም አዲሷን ቀለበት እንደ መጀመሪያ እየቆጠሩ መደጋገም ነው። ሥራውን መልሰው ገልብጠው የሁለተኛውን መሸፈኛ 25 ዐይን ቀጥታ ይሥሩ፤ በመጨረሻም በዚያው ዘዴ 11 ዐይን ይጨምሩ። ድምሩ 112 ነው። ለ104 ዐይን ግንባሩን 36፣ የማጅራቱን ግማሾች 9 እና 9 ያድርጉ፤ ለ120 ዐይን ደግሞ ግንባሩ 44፣ ግማሾቹ 13 እና 13 ይሁኑ። መሸፈኛዎቹ በሁሉም ልክ 25 ናቸው።

ክበቡን ከመግጠምዎ በፊት ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የዐይኖቹ ሥር በሙሉ ወደ ክበቡ ውስጥ ማየቱን ያረጋግጡ። አንድ ጊዜ ተጠምዝዞ የተገጠመ ክበብ ኋላ ሊስተካከል አይችልም፤ መፍታት ብቻ ነው። ከገጠሙ በኋላ አንድ ዙር ግልብጥ፣ አንድ ዙር ቀጥታ እያፈራረቁ 6 ዙር ይሥሩ። የመሸፈኛው ሸንተረር ሳይቋረጥ በኮፍያው ጠርዝ ዙሪያ ይቀጥላል።

ሁለቱን ክር መያዝ

አሁን ወደ 4 ሚሊ ሜትሩ መርፌ ይሻገሩና ነጩን ክር ያስገቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ቀጥታ ዐይን ነው።

በፋሮ፣ በሼትላንድና በኖርዌይ ባህል እንደሚደረገው በአንድ ዙር ላይ ከሁለት ቀለም በላይ አይያዝም። አያያዙ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። እጅዎ ከፈቀደ ነጩን በቀኝ፣ ጥቁሩን በግራ ጣት ላይ ይያዙ፤ ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። ካልፈቀደ አንዱን ክር ለቅቀው ሌላውን እያነሡ ይሥሩ፤ ቀርፋፋ ይሁን እንጂ ውጤቱ አይለይም። በሁለቱም አያያዝ የማይለወጥ አንድ ሕግ አለ፦ ጥቁሩ ሁልጊዜ ከነጩ ሥር ይምጣ፣ ነጩም ሁልጊዜ ከጥቁሩ በላይ ይለፍ። ከሥር የሚመጣው ክር በጥቂቱ ስለሚረዝም ዐይኖቹ ተለቅ ብለው ይወጣሉ፤ ንድፉን የሚሥለው ክር እርሱ ሲሆን ኮከቡ ጎልቶ ይታያል። በመሃል ቦታ ከተለዋወጡ፣ ሁለቱም ቀለም ትክክል ሆኖ ሳለ አንዱ ኮከብ ደማቅ፣ አንዱ ደብዛዛ ይሆንና ምክንያቱን ፈልገው ላያገኙት ይችላሉ። የክሮቹንም ኳሶች አንዱን በቀኝዎ፣ ሌላውን በግራዎ ያኑሩ፤ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከተቀመጡ ይጠላለፋሉ።

ተሻጋሪውን ክር በልኩ ለመተው የሚረዳው ዋና ልማድ ይህ ነው፦ ቀለም በለወጡ ቁጥር፣ አዲሱን ዐይን ከመሥራትዎ በፊት፣ በቀኝ መርፌ ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ዐይኖች በጣትዎ ገፋ ገፋ አድርገው ያራርቁ። ከዚያ ክሩ ያንን የተዘረጋ ርቀት ተከትሎ ያልፋል። ዐይኖቹ ተጨናንቀው ሳሉ ክሩን ካሳለፉት፣ ኮፍያው ሲለጠጥ ክሩ አብሮ ሊለጠጥ አይችልም። የእኔ የመጀመሪያ ኮፍያ የተበላሸው በዚህ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ንድፉ ጥርት ያለ ነበር፣ ነገር ግን ከ51 ሳንቲ ሜትር ይልቅ 46 ወጥቶ ከሦስት ሳምንት ሥራ በኋላ እስከ ጠርዙ ድረስ ፈታሁት። እጃቸው በተፈጥሮ ለሚያጠብቅ ሌላም መፍትሔ አለ፦ ሥራውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በክበቡ ማዶ በኩል ባለው ጎን ላይ መሥራት ነው። በዚህ ጊዜ ተሻጋሪው ክር በክበቡ ውጫዊ ዙሪያ ስለሚሄድ ሳይወድ በግዱ ይረዝማል።

አንድ ክር ከአምስት ዐይን በላይ በጀርባ የሚያልፍ ከሆነ በመሃሉ ላይ ከሌላው ክር ጋር አንድ ጊዜ ማቆላለፍ ያስፈልጋል። እዚህ የተሰጠው ንድፍ ግን የትም ቦታ ላይ ከሦስት ዐይን በላይ አይሻገርም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ በኮከቦቹ መካከል የነጠብጣብ መስመር ያስገባሁት ለውበት ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክር በየአጭር ርቀቱ ወደ ፊት ለማውጣት ነው። ለጀማሪ ከማቆላለፍ ነፃ የሆነ ንድፍ ግማሽ ድካሙን ያነሣለታል።

ንድፉ

የኮፍያው አካል 28 ዙር ነው። 1ኛውንና 2ኛውን ዙር በነጭ ብቻ ይሥሩ። በ3ኛው ዙር 3 ነጭ፣ 1 ጥቁር እያሉ እስከ መጨረሻው ይደጋግሙ። 4ኛው ነጭ ብቻ ነው። በ5ኛው 1 ነጭ፣ 1 ጥቁር፣ 2 ነጭ ይደጋገማል፤ ነጠብጣቦቹ ከታችኞቹ መካከል ይውላሉ። 6ኛው ነጭ ብቻ ነው።

ከ7ኛው እስከ 13ኛው ዙር ኮከቡ ይሠራል። ኮከቡ 8 ዐይን ስፋትና 7 ዙር ቁመት ያለው ሲሆን፣ በ112 ዐይን ላይ 14 ጊዜ ይደጋገማል፦

1ኛ ዙር፦ 3 ነጭ፣ 1 ጥቁር፣ 3 ነጭ፣ 1 ጥቁር።
2ኛ ዙር፦ 1 ነጭ፣ 1 ጥቁር፣ 1 ነጭ፣ 1 ጥቁር፣ 1 ነጭ፣ 1 ጥቁር፣ 2 ነጭ።
3ኛ ዙር፦ 2 ነጭ፣ 3 ጥቁር፣ 2 ነጭ፣ 1 ጥቁር።
4ኛ ዙር፦ 3 ጥቁር፣ 1 ነጭ፣ 3 ጥቁር፣ 1 ነጭ።
5ኛ ዙር እንደ 3ኛው፣ 6ኛው እንደ 2ኛው፣ 7ኛው እንደ 1ኛው።

ከኮከቡ በኋላ የአካሉ ዙር ቁጥር ይቀጥላል፤ 14ኛው ዙር ነጭ ብቻ፣ 15ኛው እንደ አካሉ 5ኛ ዙር፣ 16ኛው ነጭ ብቻ ነው። ከ17ኛው እስከ 23ኛው ኮከቡ እንደገና ይሠራል። 24ኛው ነጭ፣ 25ኛው እንደ አካሉ 5ኛ ዙር፣ 26ኛው ነጭ፣ 27ኛው እንደ አካሉ 3ኛ ዙር፣ 28ኛው ነጭ ነው። ከሥር ያለውን አንድ ትርፍ ነጭ ዙር ሳይቆጥሩ፣ ከታች ወደ ላይና ከላይ ወደ ታች ቢነበብ ንድፉ አንድ ዓይነት ነው።

ቁጥሩን በካሬ ወረቀት ላይ ራስዎ አንድ ጊዜ ቢሥሉት ይጠቅማል፤ እጅ የሣለውን ዐይን ቶሎ ያስታውሳል። በተለይ የኮከቡን 4ኛ ዙር ሲጨርሱ ቆም ብለው ይመልከቱ፦ ከመሃሉ ያለችው አንዲት ነጭ ዐይን በታችኛው ዙር ካሉት ከሦስቱ ጥቁር ዐይኖች በመካከለኛዋ ላይ መቆም አለባት። ካልቆመች ስህተቱ በዚያው ዙር ስለሆነ ለመፍታት ጊዜው አሁን ነው። አንድ ነጠላ ዐይን ብቻ በተሳሳተ ቀለም ከተሠራች ግን መፍታት አያስፈልግም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በደነዘዘው መርፌ ትክክለኛውን ቀለም ይዘው የዐይኗን መንገድ ተከትለው በላይዋ ይደርቡባት። እንኳን ሌላ ሰው፣ ሠሪውም ኋላ ቦታዋን አያገኛትም።

በየሁለትና ሦስት ዙሩ ሥራውን በሁለት እጅዎ ወደ ጎን ይለጥጡት። ያለ ችግር ተለጥጦ ከተመለሰ ተሻጋሪዎቹ ደህና ናቸው፤ እንደ ገመድ ደርቆ ካቆመዎት አሁኑኑ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል። ይህን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መመርመር አይቻልም፤ በእጅ መሳብ ነው ያለው።

አናቱ

ነጩን ክር ቆርጠው ወደ 3.5 ሚሊ ሜትሩ መርፌ ይመለሱና በጥቁር ብቻ ይቀጥሉ። መርፌው የሚቀንሰው የአንድ ቀለም ሥራ ስለሚላላ ነው። 112ቱን ዐይን በስምንት ክፍል፣ በየ14ቱ ዐይን ምልክት ያድርጉ። በመጀመሪያው ዙር በየክፍሉ 12 ዐይን ቀጥታ ሠርተው ቀጣዮቹን ሁለት ዐይኖች አንድ ላይ ይሥሩ፤ 104 ዐይን ይቀራል። ቀጣዩን ዙር ያለ ቅናሽ ይሥሩ። ከዚያ በየክፍሉ 11 ሠርተው ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ያለ ቅናሽ አንድ ዙር፣ እንዲህ እያሉ 48 ዐይን እስኪቀር ድረስ አንድ ዙር እየቀነሱ አንድ ዙር እያሳለፉ ይሂዱ። ከ48 በኋላ በየዙሩ ይቀንሱ፦ 40፣ 32፣ 24፣ 16፣ 8። በ104 ዐይን የጀመሩ ከ11፣ በ120 የጀመሩ ከ13 ዐይን ይነሣሉ። ዐይኖቹ ከ80 ሲያንሱ በክብ መርፌው ላይ መድረስ ስለሚያቅታቸው ወደ አጫጭሮቹ መርፌዎች ያዛውሯቸው።

ክሩን 20 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፤ በደነዘዘው መርፌ በስምንቱ ዐይኖች ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፈው አጥብቀው ወደ ውስጥ ያስገቡት። አናቱ ላይ የክር ኳስ ማድረግ የሚወድ ያድርግ፤ የሳራ ሉንድ ጭምት ጠባይ ግን ያለ ኳስ ይበልጥ ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ።

ማጠብና ገበር ማድረግ

ኮፍያውን ገልብጠው የተንጠለጠሉትን የክር ጫፎች በጀርባ በኩል፣ እያንዳንዱን በራሱ ቀለም ላይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰግስገው ያስገቡ፤ ነገር ግን ትርፉን ገና አይቁረጡ። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና 20 ደቂቃ ያህል ይንከሩት። አይሹት፣ አይጭመቁት፤ ሱፍን የሚያኮማትረው ሙቀትና መታሸት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሲያወጡት ከሥር ደግፈው ያውጡና በፎጣ ጠቅልለው በላዩ ላይ በመቆም ውኃውን ያስለቅቁ። ከዚያ ዙሪያው 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የተገለበጠ ድስት ላይ አልብሰው ኮከቦቹን በጣትዎ አስተካክለው፣ መሸፈኛዎቹን ዘርግተው፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቀው ያድርቁ። ከደረቀ በኋላ ዐይኖቹ ወደ ቦታቸው ስለሚገቡ የክሮቹን ትርፍ ጫፍ አሁን መቁረጥ ይቻላል።

ሱፍ የጠጉርን ወዝ ስለሚመጥና ጫፉን ስለሚያሻክር ለእኛ ጠጉር የሳቲን ገበር ጥሩ ነው። ሳቲን እንደ ሹራብ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጨርቁን በሰያፍ ይቁረጡ፤ ዙሪያውንም ከኮፍያው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍተው ይተዉት። ገበሩን ከጠርዙ ሸንተረር ላይ ብቻ፣ ክሩን ላላ አድርገው በእጅ ይስፉት፤ በኮከቦቹ ጀርባ ላይ መርፌ አይውጉ፣ ተሻጋሪዎቹን ክሮች ይይዝና መለጠጣቸውን ያስቀራል። ለጆሮ መሸፈኛዎቹ ደግሞ ከሳቲን ይልቅ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳና ሙቅ ጨርቅ ይሻላል፤ የመሸፈኛውን ቅርጽ በወረቀት ወስደው ከዳሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አሳንሰው ይቁረጡና ማሰሪያው ከሚጀምርበት ጫፍ ተነሥተው ዙሪያውን ይስፉት።